የጭጋጉ ዘብ መክፈቻ

ሟቹ ከአሸዋው ክምር አጠገብ በጀርባው ተንጋሎ ወድቋል። ዝናቡ ገና አላባራም፤ አንድ ደግ ሰው ፊቱን በነጠላ ሸፍኖለታል። ኢንስፔክተር አያልነሽ ዱባለ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ሸፈነችው። ምንም አልተሰማትም። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ስታይ ቀኑን ሙሉ እህል አትቀምስም ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ውስጧ የጥርስ ሐኪም መርፌ እንደወጋው ድድ ደንዝዟል፤ ይነካል፣ አያምም።

«ፋንታዬ ይባላል» አለ ኮንስታብል ወንደሰን። «ከላይ ከጣሪያው ነው የወደቀው። ገዳዩም ተይዟል።»

«መቼ?»

«እርስዎ ሳይደርሱ።»

ወንደሰን ሁልጊዜ እንዲህ ነው። አለቃው ከመኪና እስክትወርድ ጉዳዩን ጀምሮ፣ ፈርዶ፣ መዝገቡን ዘግቶ ይጠብቃታል።

ፎቁ የነጋዴው የሳሊህ ነው። ታች የጅምላ መደብር አላቸው፤ ከመደብሩ በላይ አንድ ሰፊ ክፍል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ «ዘንድሮ እቀጥለዋለሁ» እያሉ በየዓመቱ ሳይጨርሱ ያሳደሩት ፎቅ ነው። ጣሪያው አጥር የለውም፤ የብረቶቹ ጫፍ ብቻ ወደ ዳሞታ ተራራ ተገትረው ቆመዋል። መካከለኛውን ክፍል የሳሊህ ልጅ ፈሪድና ጓደኞቹ የኮምፒውተር ጌም ይሠሩበታል። ፈሪድና ከጓደኞቹ አንዱ የነበረው ፋንታዬ በዚያው ቀን ሰው ሁሉ እየሰማ ተጣልተዋል። ወንደሰን ሲደርስ ፈሪድ ደረጃው ላይ ተቀምጦ «በእኔ ምክንያት ነው የሞተው» አለ። ከዚያ በኋላ አፉን ዘጋ።

«ከዚህ በላይ ምን ይናገር?» አለ ወንደሰን።

አያልነሽ ወደ ሬሳው ተመለሰች። ሬሳው ሲገለበጥ የጃኬቱን ጀርባ አየች፤ ከወገቡ እስከ ትከሻው ተቀዷል። ወንደሰንን አስከትላ ጣሪያው ላይ ወጣች። በውኃ ታንከሩ ሥር፣ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ አንድ የፕላስቲክ ወንበር አለ። ጠርዙ ላይ ካሉት ብረቶች አንዱ የጃኬቱን ክር ይዞ ቀርቷል። እዚያው ዝናቡ እየወረደባት ትንሽ ቆመች።

«ሰው ሲዘል ፊቱን ወደፊት አድርጎ ነው» አለች። «ይሄ ልጅ ግን ጀርባውን ለጠርዙ ሰጥቶ ነው የቆመው። በዝናብ ደረቅ ወንበሩን ትቶ፣ ለገደል ጀርባውን ሰጥቶ የሚቆም ሰው ከፊቱ የሚያነጋግረው ሌላ ሰው አለ።»

«ፈሪድ ነዋ» አለ ወንደሰን። «ነገ ከሰዓት ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት አያልነሽ ወደ ፎቁ ተመለሰች። ግቢው ውስጥ አንድ ሞተር ሳይክል ቆሟል። አቧራውና ጭቃው አንድ ላይ ደርቆበታል፤ የቀኝ መስታወቱ አሮጌ፣ የግራው አዲስ ነው። የማን እንደሆነ የመደብሩን ሠራተኛ ጠየቀች። የፈሪድ ጓደኛ የታምራት ነው አላት።

ታምራት ራሱ ከመደብሩ በላይ ባለው ክፍል ውስጥ ጠበቃት። መስኮቶቹ በጥቁር ብርድ ልብስ ተሸፍነዋል፤ በሩ ላይ በመዝጊያ ፋንታ ወፍራም መጋረጃ ተሰቅሏል። ልጁ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ ለጌሙ ደግሞ ኮዱን የሚጽፈው እሱ ነው። እንቅልፍ እንዳጣ ዓይኑ ያስታውቃል።

«እስቲ ስለዚህ ጌም አስረዳኝ» አለችው። «እኔ እንደሆንኩ ጫጫታው ብቻ ነው የሚታወቀኝ።»

«ልጆች ሆነን ጌም ቤት የምንጫወተው አንድ የውጭ ጌም ነበር። ‹የጭጋጉ ዘብ› እንለዋለን። አንድ ዘብ፣ አንድ ፋኖስ፣ በዙሪያው ጭጋግ። ሁለተኛ ክፍሉን ይሠሩታል ብለን ስንጠብቅ አደግን፤ ሳይሠሩት ቀሩ። ስለዚህ እኛው ለፍቅሩ እንሥራው አልን። አይሸጥም፤ የእኛ አይደለማ። ዘቡን አምጥተን ዳሞታ ሥር አቆምነው።»

«ጠቡስ ምንድን ነው?»

«መክፈቻው ነው። ፈሪድ ሥዕሎቹን ይሠራል፤ በውጊያ ይጀመር ይላል። ሰውን ገና ሲጀምር ካልያዝከው ትቶህ ይሄዳል ባይ ነው። ፋንታዬ ደግሞ በጸጥታ ይጀመር አለ። ተጫዋቹ ጭጋግ ውስጥ ቆሞ ‹ወዴት ልሂድ?› ሲል ነው የሚያዘው፤ ጥያቄ ስጠው እንጂ ጩኸት አትስጠው ይላል። በመጨረሻ የፋንታዬ ይፈተን ተባባልን። የተፈተነው ትላንት ነው።»

«እንዴት ነው የሚፈተነው?»

«ልማድ አለን። መክፈቻውን የሠራው ሰው አስቀድሞ ለማንም አያሳይም። ጌም ነክቶ የማያውቅ ሰው እናስቀምጣለን። ስልካችንን አጥፍተን ዘንቢል ውስጥ እንከታለን። ከተጫዋቹ ኋላ ሆነን ሁላችንም ለመጀመሪያ ጊዜ እናያለን፤ መናገር ክልክል ነው። የሠራው ሰው ደግሞ ስልኩን እንደያዘ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ይጠብቃል፤ ፊቱ ያሳብቃል፣ ተጫዋቹን ይመራዋል።»

«ስለዚህ ፋንታዬ ጣሪያው ላይ ብቻውን እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቁ ነበር።»

«እናውቃለን።»

«ጌሙን የሚገጣጥመው አንተ ነህ አሉኝ። አስቀድመህ አላየኸውም?»

«ፋይሉን ሰጠኝ እንጂ አልከፈትኩትም። ከሁሉም ጋር ነው ያየሁት።»

«ወደድከው?»

«ጥሩ ነው። ዘቡ ይነቃል፣ ፋኖሱን ያነሳል፣ መንገዱን ይዞ ይወርዳል፤ እንደ ድሮው።» ታምራት ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። «አንድ ነገር ልበልዎት? ፋንታዬ ሐሳቡ ሩቅ የሚሄድ ልጅ ነበር። መንገዱ ላይ ያስገባውን ነገር እውነት ነው ብሎ ሌላ ትርጉም የሚሰጠው ሰው እንዳይኖር። ፈጠራ ነው።»

«እሺ» አለች አያልነሽ። ልጁን አመስግና አሰናበተችው።

ቀጥሎ የገባችው ዱንያ ናት፤ የሳሊህ የወንድም ልጅ፣ ነርስነት የምትማር። መቀመጫው ጫፍ ላይ ሆና እጆቿን ጭኗ ላይ አስተኝታ ስትናገር ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ይመስላል።

«በሕይወቴ ጌም ተጫውቼ አላውቅም፤ የመረጡኝም ለዚያ ነው። ጭጋግ ነው። ከታች አስፋልት ይታያል። ከላይ በእንሰቱ መሃል ቤት አለ፤ መብራት በርቷል። ወደ ቤቱ ሄድኩ።»

«ለምን?»

ዱንያ ጥያቄው ገርሟት ቀና ብላ አየቻት። «በጭጋግ ብቻዬን አስፋልት ላይ ምን እሠራለሁ? መብራት ያለበት ቤት እያለ።»

«ከዚያስ?»

«አንድ ሽማግሌ ከፈቱልኝ። ‹ግቢ ልጄ› አሉኝ። እሳት ዳር ተቀመጥኩ። ስለ ተራራው ሲያወሩልኝ በሩ ተንኳኳ፤ ‹እንዳትከፍቺ› አሉኝ። እዚያ ላይ አለቀ። እኔም ሳላስበው ‹ታዲያ ማነው ያንኳኳው?› አልኩ። ሁሉም ሳቁ። ጓደኛችን ሚስጥር ‹ፋንታዬ አሸነፈ› አለች። ልንነግረው ተሯሩጠን ወጣን፤ ጣሪያው ላይ አጣነው።» እጆቿን አገላብጣ አየች። «አላለቀስኩም፤ እናቱ ሲመጡ እንኳ። ምን እንደሆንኩ አላውቅም።»

«አስፋልቱ ላይ ግን ወርደሽ አላየሽም?»

«አልወረድኩም።»

አያልነሽ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እንደ ደነዘዘው ድድ የሚሆንባት ሐዘን ብቻ ነው፤ ጭንቅላቷ እንደወትሮው ይሠራል።

ሦስተኛዋ የጌሙን ድምፆች የምትቀርጸው ሚስጥር ናት። ከአያልነሽ አንድ ጥያቄ ሳትጠብቅ ጀመረች።

«ወደ ቤቱ ስትሄድ ሁላችንም ገርሞናል። በድሮው ጌም ብርሃን ያለበት ቤት ወጥመድ ነው፤ ገብተህ ትሞታለህ። የተጫወተው ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ መንገዱን ነው የሚይዘው። ከእኛ አንዱ ቢጫወት ወደ ቤቱ ዞር አይልም ነበር። እኔ እንዲያውም መንገዱ ላይ ያለው ድምፄ ስላልተሰማ ተናድጄ ነበር።»

«የምን ድምፅ?»

«የሞተር። ፋንታዬ የታምራትን ሞተር ቅረጪልኝ፣ ሌላ ሞተር አይሆንም አለኝ። ታምራት ራሱ ነው ያስነሳልኝ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ለመክፈቻው ነው አልኩት።»

«ምን አለ?»

«ምንም። ፊቱ ግን አመድ መሰለ። አሞህ ነው ወይ አልኩት።»

«በፈተናው ጊዜ ማን የት ነበር?»

«ዱንያ ከፊት። እኔ ወንበር ላይ። ፈሪድ እንደተጀመረ ተነስቶ እየተነጫነጨ ወጣ፤ ወዲያው ተመለሰና እግሬ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ጀርባው ጉልበቴ ላይ ነበር፤ እስኪያልቅ አልተነሳም። ታምራት ከኋላ መጋረጃው ጋ ነበር። ጨለማ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ የደረጃውን ቆርቆሮ ይደበድበዋል፤ አላየሁትም አልሰማሁትም።»

«ስልክሽ የት አለ?»

ሚስጥር ወደ ዘንቢሉ ጠቆመች። ከትላንት ወዲህ ማንም ስልኩን ለማንሳት አላሰበም። አያልነሽ አውጥታ ሰጠቻት። ልጅቷ ስልኩን ስትከፍተው ድምፅ ሰጠ፤ አነበበችና ለኢንስፔክተሯ አቀበለቻት። ፋንታዬ ከጣሪያው ላይ የጻፈው ነው፦ «ፈሪድ ተናዶ ወረደ። ተዪው፣ ይበርድለታል። ልጅቷ ወዴት ሄደች? ቤቱ ጋ ነው ወይስ መንገዱ ጋ?»

«ስልክሽ እንደተዘጋ አያውቅም?»

«ያውቃል። መጠበቅ ስለማይችል ነው የጻፈው።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ኮምፒውተሩን ከፍተው፣ መጋረጃውን ጋርደው ለረጅም ጊዜ ቆዩ። ሲወጡ ሚስጥር ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። አያልነሽ ደግሞ ስልኳን አውጥታ ወደ ጣቢያው ደወለች፤ ከቤሌ ከተማ መንገድ የመጣው መዝገብ በማስረጃነት ከተያዘው ዕቃ ጋር እንዲወጣላት አዘዘች።

መዝገቡ እስኪመጣ ግን አንድ ሰው ይቀራታል። ፈሪድን በማረፊያ ክፍሉ ውስጥ አገኘችው። ምግቡ እንደቀረበለት ነው፤ እጁ አልነካውም። አባቱ ሳሊህ ጠበቃ ይዤልሃለሁ ቢሉት እንኳ ቀና አላለም።

«ከሰዓት ፍርድ ቤት ትቀርባለህ» አለችው። «ዝም ካልክ ሌላ ሰው ይናገርልሃል፤ የሚናገርልህ ደግሞ ወንደሰን ነው። ጣሪያው ላይ ምን አልከው?»

የምግቡን ሳህን ገፋ አደረገው። «‹አንተም መክፈቻህም ገደል ግቡ› አልኩት» አለ። «ከልጅነት ጀምሮ አብረን ነን። ከቤሌ ከመጣ ወዲህ፣ ከክረምቱ በፊት ማለቴ ነው፣ ተለውጦ ነበር፤ አይስቅም፣ አይበላም። እኔ ግን ስለ ጌሙ ብቻ ነው ያሰብኩት። ገደል ግባ አልኩት። ገባ። እኔ ላይ ይፍረዱብኝ፤ ግድ የለኝም።»

ቃሉ ውስጥ ቁጣም ልቅሶም የለም። አያልነሽ ይህንን ድምፅ ታውቀዋለች፤ የራሷ ድምፅ ነው። ስለ ተቀደደው ጃኬት ልትነግረው ብላ ተወችው። ያልጨረሰችውን ነገር መናገር አትወድም።

ከቀትር በኋላ ሁሉም ጌሙ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ፈሪድ ፍርድ ቤት ከመቅረቡ በፊት በወንደሰን ታጅቦ መጣ። ሳሊህ በሩ አጠገብ ቆመው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ዱንያ፣ ሚስጥርና ታምራት ትላንት በነበሩበት ቦታ እንዲቀመጡ ተደረገ። ሳሊህ ታገሱና ታገሱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

«ልጄን ልትወስጂብኝ ከሆነ ቶሎ ንገሪኝ፣ ልጄ። እናቱ አዚዛ ታች ተቀምጣለች።»

«ቁጭ ይበሉ ጋሽ ሳሊህ። አላቆይዎትም።» አያልነሽ መሃል ላይ ቆመች። «ፋንታዬ የወደቀው ወደኋላ ነው። ብረቱ የቀደደው የጃኬቱን ጀርባ ነው። ከፊቱ የቆመ ሰው ነበር። ፈሪድ ወጥቷል፤ አልካደም። ነገር ግን ፈሪድ ከወረደ በኋላ ፋንታዬ ለሚስጥር መልእክት ጽፏል። ፈሪድ ደግሞ ከተመለሰበት ጊዜ ጀምሮ ጀርባው ሚስጥር ጉልበት ላይ ነበር። ሚስጥርም ስለዚህ አልተነሳችም። ዱንያ መጫወቻውን ይዛ ከሁሉም ፊት ተቀምጣለች። የሚቀረው መጋረጃው ጋ የነበረው ሰው ነው።»

«እኔ ከቦታዬ አልተነሳሁም» አለ ታምራት። «ሙሉውን አይቻለሁ፤ ነግሬዎታለሁ።»

«ነግረኸኛል። ዱንያ፣ እስቲ እንደ ትላንቱ ተጫወቺ።»

ወንደሰን መብራቱን አጠፋ። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ስክሪን ጭጋግ ተነሳ። ዘቡ ነቃ፣ ፋኖሱን አነሳ፤ ዱንያ ሳታመነታ ወደ ላይ፣ ወደ እንሰቱ ቦታ ወሰደችው። በሩ ተከፈተ፣ ሽማግሌው «ግቢ ልጄ» አሉ። እሳቱ ነደደ፣ ወሬው ቀጠለ፣ በሩ ተንኳኳ። አለቀ። የሁሉም ዓይን ግድግዳው ላይ ነበር። ታምራት ግን ግድግዳውን ትቶ ዱንያን ነበር የሚያየው።

«ትላንት የታየው ይህ ነው» አለች አያልነሽ። «ታምራት፣ አንተ ‹መንገዱን ይዞ ይወርዳል› አልከኝ። ማንም መንገዱን አልያዘም። አንተ የጌሙ ወዳጅ ነህ፤ የጌሙ ወዳጅ ሁሉ መንገዱን እንደሚይዝ ታውቃለህ፤ ስለዚህ ዱንያም የያዘች መሰለህ። እዚህ ብትቀመጥ ኖሮ እንደነሚስጥር ትገረም ነበር። ይህ አንድ። ሁለተኛው ይበልጣል። መንገዱ ላይ ያለውን ነገር ማንም ትርጉም እንዳይሰጠው ለመንከኝ። ማንም ያላየውን ነገር። ሠሪው ለማንም አያሳይም፣ አንተም አልከፈትኩትም ብለሃል። ታዲያ እዚያ አንድ ነገር እንዳለ እንዴት አወቅክ?»

ታምራት ወደ መጋረጃው ዞሮ አየ።

«ሚስጥር፣ አሁን በመንገዱ ሂጂ።»

ዘቡ ወደ አስፋልቱ ወረደ። ከጭጋጉ ውስጥ የእንሰት ቅጠል የተሸከሙ አንዲት እናት ብቅ አሉ። ቀጥሎ የሞተር ድምፅ መጣ፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ያውቁታል። ሁለት ሰዎች ያሉበት ሞተር እናትዮዋን ገጭቶ አለፈ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። ከኋላ የተቀመጠው ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ሄዱ። ዘቡ ፋኖሱን ዝቅ ሲያደርግ አስፋልቱ ላይ የተሰበረ የግራ መስታወት ይታያል።

አያልነሽ ከኪሷ የፕላስቲክ ከረጢት አወጣች፤ ውስጡ የመስታወት ስባሪ አለ። «ከክረምቱ በፊት ቤሌ መንገድ ላይ በማለዳ የሞቱት እማማ አገርነሽ ይባላሉ። ገበያ እየሄዱ ነበር። ይህን ከአስፋልቱ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። የስባሪው ክፈፍ ግቢ ውስጥ ከቆመው ሞተር የቀኝ መስታወት ክፈፍ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የግራው ግን አዲስ ነው። ከኋላ የነበረው ፋንታዬ ነው፣ አይደል?»

ታምራት ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ወረደ። «ጭጋግ ነበር» አለ። «አላየኋቸውም። እንመለስ አለኝ፤ እምቢ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሰላም አልሰጠኝም። ሞተሬን ሲያስቀርጽ ነገሩ ገባኝ፤ በፈተናው ቀን ጠዋት ፋይሉን ከፍቼ አየሁት። ፈሪድ ሲመለስ ወደ ጣሪያው ወጣሁ። ‹አሁን ሁሉም እያዩት ነው፣ ወርደህ አስቁመው› አልኩት። ‹አብረን ሄደን እንናገር፤ አለበለዚያ ጌሙ ይናገራል› አለኝ። ገፋሁት። እንዲወድቅ አላሰብኩም።» ዓይኑን ከግድግዳው አንስቶ ወደ ዱንያ መለሰው። «በእውነት አልወረድሽም? ማንም አላየውም?»

«ማንም» አለች ዱንያ።

ወንደሰን ካቴናውን ከፈሪድ እጅ ፈትቶ ለታምራት ሲያደርግ ልጁ እጁን ራሱ ዘርግቶ ሰጠው።

ፈሪድ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። የተፈታው እጁ እንኳ እንደታሰረ ከፊቱ ተንጠልጥሏል።

«ገደል ግባ ብዬው ነበር» አለ።

«ሰምቶሃል» አለች አያልነሽ። «ከአንተ በኋላ ለሚስጥር የጻፈውን አነበብኩት። ‹ተዪው፣ ይበርድለታል› ይላል። ከዚያ ወዲያ የጠየቀው ልጅቷ ወዴት እንደሄደች ነው።»

«ስለዚህ አልዘለለም?»

«አልዘለለም።»

ፈሪድ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ አለቀሰ። ፋንታዬ ከሞተ ወዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ የተሰማ የመጀመሪያው ልቅሶ ነበር። ዱንያም ጀመረች፣ ሚስጥርም ተከተለች። ሳሊህ ልጃቸውን አላባበሉትም፤ ጫማቸውን አውልቀው አጠገቡ ቁጭ አሉ።

ወንደሰን እስረኛውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። በፈሪድ መፈቻ ወረቀት ላይ የልጁ ፊርማ ያስፈልገዋልና «ልጁም ይነሳና እንሂድ፤ ጣቢያ ይጠብቁናል» አለ።

«ይጠብቁ» አለች አያልነሽ። «መጀመሪያ ያልቅስ።»